የኦዳ ተዝካር ብቅል

ሱሉልታ፣ ታኅሣሥ 5 ቀን 2008
ለገና ጠላ ገብስ ዘፈዘፍኩ። ዩኒቨርሲቲው ትምህርት ስላቋረጠ ልጄ ኦዳ ቤት ነው፤ ከሥሬ አይጠፋም።
"ሃርሜ፣ እናቴ፣ ውሃውን አንጠፍጥፊለት እንጂ። ገብስም ይተነፍሳል።"
"አንተ ሳትወለድ ጀምሮ ብቅል አበቅላለሁ።"
"ታዲያ እስከ ዛሬ ስንቱን አሰጠምሽ?" ብሎ ሳቀ። ያንጠፈጠፈውን ውሃ ጎመኑን አጠጣበት። ወረፋ ጠብቀን የቀዳነው ነው፣ አይባክን አለ።
ከምሳ በኋላ መሬታችንን ይወስዳል ስለተባለው የአዲስ አበባ ማስተር ፕላን ሰልፍ አለ ብሎ ወደ አስፋልቱ ወረደ።
ፀሐይ ሳትጠልቅ የባለቤቴ ወንድም ኢቲቻ መጣ። ጋቢውን ዘቅዝቆ ለብሷል። ሳይናገር አወቅኩ። ጥይት… ልጄን።

ታኅሣሥ 14
ለቀስተኛው ቀነሰ። ያ ገብስ ተረስቶ፣ ሥሩ ተቆላልፎ ምንጣፍ መስሏል። ፍሬውን በጣቴ ጨመቅኩት። ባዶ… ገለባ ብቻ። ጎረቤቴ ድንቅቱ ለላሟ ወሰደችው።

ታኅሣሥ 20
ብቅሉ አሁን ካልተጀመረ የተዝካሩ ጠላ አይደርስም። ኢቲቻ "ከገበያ ይገዛ፤ ሐዘንተኛ እጇን አታስገባም" አለ።
አይሆንም። የልጄን እኔው አበቅላለሁ፣ እሱ እንዳለኝ። ዘፈዘፍኩ፣ አንጠፍጥፌ አናፈስኩት፣ ደግሜ ዘፈዘፍኩ። ድሮ ከምጨርሰው ውሃ ግማሹ በቃኝ።

ታኅሣሥ 24
ገብሱን የሸፈንኩበትን የኮባ ቅጠል ብገልጠው ሥሩ ነጭ ነጭ ብሎ ወጥቷል። አንድ ፍሬ ነከስኩ። ጥርስ የሚሰብር የነበረው ለስልሷል። ጣፈጠኝ… ጣፈጠኝ ብዬ አፈርኩ።
ኦዳ ነግሮኝ ነበር። "ፍሬው የራሱን ዱቄት እየፈታ፣ ስኳር እያደረገ ቡቃያውን ይመግባል፣ ልክ እንዳንቺ። ቡቃያው ሳይጨርሰው ፀሐይ ላይ ስናሰጣው ይሞታል፤ ጣፋጩ ለእኛ ይተርፋል።"
ይሞታል። ያኔ እንደ ዋዛ ነው የሰማሁት። ስንት ዘመን ሳሰጣ…
ዛሬ መሰጣት ነበረበት። አልቻልኩም። መልሼ ሸፈንኩት።

ታኅሣሥ 26
ድንቅቱ መጥታ ኮባውን ገለጥ አደረገች። "ሃዳ ኦዳ! የኦዳ እናት! ይሄማ ማጨድ ብቻ ነው የቀረው!" ልታስቀኝ ነው።
"አላሰጣውም። ይሞታል" አልኳት።
ሳቋን ዋጠች። አጠገቤ ተቀመጠች። "እንግዲያ እኔ ላስጣው? አንቺ ቤት ግቢ።"
"አይ። እኔው።"
ሰሌኑ ላይ በተንኩት። "ጃባዱ… በርቺ እህቴ" እያለች በወዲያ በኩል አብራኝ ዘረጋች።

ጥር 4
ማስተር ፕላኑ ቀርቷል አለ ሬዲዮው። ኢቲቻ አየኝና ዘጋው። አሁን ምን ይባላል?

ጥር 14
ተዝካሩ ወጣ። ብቅሉ ስላለፈበት ጠላው ቀጥኗል። "ነፍሱን ይማር" እያሉ ጠጡ። ኢቲቻ እንኳ አስደግሞ ጠጣ።
እስከ ዛሬ ለራሴ ብቻ ነበር የምጽፈው። አሁን ግን… ይህ ጽሑፍ እጃችሁ ከገባ፣ ስለ ልጄ ጸልዩ። ስትጸልዩ ኦዳ አትበሉት። ክርስትና የተነሳው ወልደ ሚካኤል ተብሎ ነው። ወልደ ሚካኤል በሉልኝ።