ለቡሳን ብርሃን የላክን ሰሞን

መስከረም 21፣ ረቡዕ

ከምሳ በኋላ ምክትል ርዕሰ መምህሩ ኢቶሴ አስጠሩን። ከሳይንስ ክበብ እኔና ጌንጎ። ከሰላም ክበብ ሱዙካ ብቻዋን… ሌላ አባል የላትማ።

«ሁለቱ ክበቦች አንድ ሆነዋል። እስከ ትምህርት ቤቱ በዓል ድረስ በዓይን የሚታይ ነገር ካላመጣችሁ ግን ይዘጋል» አሉ። ክፍላችንን ለጠረጴዛ ቴኒስ ፈልገውታል። አውቃለሁ።

ሱዙካ «የሰላምና የሳይንስ ክበብ» ትላለች። ጌንጎ «ሳይንስ ይቅደም» ይላል። በስሙ ብቻ እስኪመሽ ተጨቃጨቁ። «ዱባ ራስ!» አለችው የሰላሟ ሊቀመንበር።

ሰላም እንዲህ ነው እንግዲህ?

መስከረም 23፣ ዓርብ

ጌንጎ ሐሳብ መጣለት። ሰማዩ የጠራ ቀን ከኮረብታችን ላይ የጎረቤት አገሯ ከተማ የቡሳን ፎቆች ይታያሉ። መሐላችን ባሕር ብቻ ነው፣ ሃምሳ ኪሎ ሜትር። «እኛ ካየናቸው እነሱም ያዩናል። ፀሐይን በመስታወት መልሰን ብንልክላቸውስ?»

ሱዙካ ከወንበሯ ዘላ ተነሣች። አምና ለጉብኝት መጥታ የነበረች ቦራ የምትባል የቡሳን ተማሪ ታውቃለች። እነሱም ከወዲያ ያበራሉ! ረጅምና አጭር ብልጭታ፣ በሞርስ ፊደል፣ በእንግሊዝኛ።

እራት ላይ ለአያቴ ነገርኩት።

«ስልክ የላቸውም እንዴ?»

«አላቸው።»

«ታዲያ?»

ለሱዙካ ደወልኩ። ይህንኑ ስጠይቃት… «በስልኩማ አያቶቻችን መቼ ተነጋገሩ? አገራችን የእነሱን አገር በኃይል በገዛችበት በድሮው ክፉ ዘመን እንደተኮራረፉ አረጁ። አሻግረው እንዲያዩ ነው የምፈልገው» አለች። ይህቺ ልጅ አንዳንዴ…

መስከረም 28፣ ረቡዕ

ጌንጎ ከሰፈሩ ሴት ሁሉ የቦርሳ መስታወት ለምኖ አሮጌ በር ላይ ለጠፈ። ወደ ኮረብታው አወጣነው። ጉድ! እያንዳንዷ መስታወት ያሻትን አገር ታበራለች። ብርሃኑ ያልደረሰበት ቦታ ቢኖር ቡሳን ብቻ ነው።

አያቴ ታች ባሕሩ ላይ ዓሣ ያጠምድ ነበር። ጀልባውን አዙሮ፣ በቦት ጫማው ኮረብታውን ወጣ።

«ዓይኔን ያጠፋው ማነው?»

«የሰላም መልእክት ነው፣ አባባ» አለች ሱዙካ።

«ሰላሙ ይህ ከሆነ ጦርነቱ ይሻለኛል!»

ጥቅምት 2፣ እሑድ

እንደገና ሞከርን። ሱዙካ ለቦራ ደወለች። ድምፁን ከፍታልን ስለነበር ሁሉንም ሰማን።

«አያችሁት?»

«ምንም የለም። የእኛንስ?»

«ምንም!»

«እንግዲያው የተሳሳታችሁት እናንተ ናችሁ።»

«እኛ? ዓይናችሁን ተመርመሩ!»

ቦራ ዘጋችው።

ጌንጎ ቀስ ብሎ፣ «እንኳን ደስ አለሽ። የሰላም ክበቡ ጦርነት አወጀ» አለ። ውኃ መጠጫዋን ወረወረችበት። ክዳኑ ክፍት ነበር… እኔን አበሰበሰኝ።

ጥቅምት 3፣ ሰኞ

ዝናብ። ሱዙካ አልመጣችም።

ጥቅምት 6፣ ሐሙስ

ቤቷ ሄድኩ። አልጋዋ ላይ ተቀምጣ ለቡሳን የሚላከውን ንግግር ትጽፋለች። ሁለት ገጽ! «የሰው ልጅ ሁሉ…» ብሎ ይጀምራል። በብልጭታ ሲላክ እኮ እስከ አዲስ ዓመት አያልቅም።

«ለቦራ ደውዪላት» አልኩ።

«እሷ ትደውል።»

«እሷም እንደዚሁ እያለች ቢሆንስ?»

ብዕሯን አስቀመጠች። «ልጆቹ ከክበቤ የወጡት ለምን እንደሆነ ታውቂያለሽ? በዚህ አፌ ነው» አለች። ሳቀች ብዬ ነበር… እያለቀሰች ነው።

ስልኳን አነሣች። «ዓይናችሁ ደህና ነው። ጥፋቱ የእኛ መስታወትና የእኔ ምላስ ነው። በበዓሉ ቀን፣ እኩለ ቀን ላይ እንሞክራለን» ብላ ላከች።

ቦራ አንብባዋለች። መልስ ግን የለም።

ጥቅምት 9፣ እሑድ፣ በዓሉ

ጫማዬን ሳላወልቅ ነው የምጽፈው።

ሰማዩ እንደታጠበ ሳሕን ጠርቷል። አንድ ሰፊ መስታወት ያስፈልገናል። ማን አለው? አጎቴ ማሳጂ! ጸጉር ቤቱ ሮጥን። ወንበሩ ላይ ማን ቢኖር ጥሩ ነው? ምክትሉ ኢቶሴ። ግማሽ ጸጉራቸው ተቆርጧል፣ ግማሹ እንዳለ ነው።

ነገሩን ስንነግረው አጎቴ መስታወቱን ከግድግዳው ይፈታ ጀመር።

«እኔስ?» አሉ ኢቶሴ።

«ያለ መስታወት አልቆርጥም ጌታዬ። አብረን እንሂድ!»

ከወደቡ በተዋስናት የዓሣ መጫኛ መኪና ወደ ኮረብታው ወጣን። ኢቶሴ አንገታቸው ላይ የታሰረው ጨርቅ በነፋሱ እየተውለበለበ፣ የመስታወቱን አንድ ጫፍ እንደ ሕፃን አቅፈውታል። ኮረብታው ላይ አያቴም ነበር። «ዓይኔን ልጠብቅ ነው የመጣሁት» አለ።

ጌንጎ በቡሳን አቅጣጫ ሁለት ዘንግ ተክሎ አነጣጠረ። አበራን። ምንም። አበራን። ምንም። ሱዙካ ንግግሯን ደረቷ ላይ ይዛ ከንፈሯን ትነክሳለች።

«በቃ ልጆች፣ አይዟችሁ…» አሉ ኢቶሴ። ከዚያ አፋቸው እንደተከፈተ ቀረ። «ያ… ያ ምንድን ነው?»

በባሕሩ ማዶ፣ በጠራራ ፀሐይ፣ ኮከብ!

አንዴ ይበራል። ይጠፋል። ደግሞ ይበራል። ጌንጎ ፊደሎቹን አንድ በአንድ ጮክ ብሎ ጠራ፤ እኔ መዳፌ ላይ ጻፍኩ። ሲያበቃ አነበብኩት። ደግሜ አነበብኩት።

«ምን ይላል? ንገሪን እንጂ!» አሉ ኢቶሴ።

«ምሳ… በላችሁ? ነው የሚለው።»

አጎቴ በሳቅ ፈነዳ፣ ሁላችንም ሳቅን። ሱዙካ እየሳቀች ታለቅሳለች። ሁለቱን ገጽ አጣጥፋ ኪሷ ከተተችና ጃኬቷን አውልቃ በመስታወቱ ፊት ራሷ ትጋርድና ትከፍት ጀመር።

«አልበላንም። እናንተስ?»

ጥቅምት 15፣ ቅዳሜ

የቴኒሱ ጠረጴዛ ወደ ሌላ ክፍል ሄደ። ኢቶሴ በበዓሉ መዝጊያ ላይ በግማሽ ጸጉር ቆመው ስለ እኛ ተናገሩ፤ ይሳቅ ወይስ ያጨብጭብ ሰዉ ግራ ገባው። ሦስት አዲስ ልጆች ተመዘገቡ። ሱዙካ እስካሁን አንዱንም አልሰደበችም። ጌንጎን ብቻ።

ትናንት ቦራ ደውላ ነበር። ያን መልእክት ያስላከችው አያቷ ናት አለች! በቤቷ የእኛን አገር ስም ማስጠራት የማትወድ አሮጊት። ያን ቀን የቡሳን ልጆችን ልታይ እነሱ ኮረብታ ድረስ ወጣች። የእኛ ብርሃን ብልጭ ሲል ዝም ብላ አይታ፣ «እነዚያ ልጆች በዚህ ፀሐይ ቆመው የሚውሉት ምሳ በልተው ነው? ጠይቂያቸው» አለች።

ለአያቴ ነገርኩት። የዓሣውን አጥንት ብቻ ለረጅም ጊዜ ሲለቅም ቆየ።

ነገ በመርከብ ይመጣሉ፤ ቦራና አያቷ። ዛሬ ማታ አያቴ ለሠርግ ብቻ የሚለብሰውን ሸሚዝ ለብሶ ጓዳ በር ላይ ቆመ።

«ሚናሆ… ምን ብዬ ነው የምቀበላት?»

«ግቢ በላት።»

«ይኸው ብቻ?»

«ይኸው ብቻ።»

ሸሚዙን አወለቀ። አጠፈው። ከዚያ መልሶ ለበሰው።