የማትበረዋ ቁራ

ውድ እትዬ፣

እንዳትቆጪኝ፤ በስምሽ የመጣውን ደብዳቤ ከፍቼ አንብቤዋለሁ። አንቺም ብትሆኚ አታስቆዪውም ነበር። ፖስታ ስታዪ ትዕግሥት እንደሌለሽ አገር ያውቃል።

የምርምር ረዳት ለመሆን ያላንኳኳሽው የዩኒቨርሲቲ ትምህርት ክፍል የለም። ደግሞ ዝም ብለሽ አታመለክቺም፤ ሥራውን አስቀድመሽ እቤት ትሞክሪዋለሽ። ለአፈር ጥናት ስታመለክቺ የውሃ ብርጭቆዎቻችንን በሙሉ ጭቃ ሞላሽባቸው። ለቋንቋ ጥናት ደግሞ አባዬና እማዬ ሲጨቃጨቁ በስልክሽ ቀዳሽ። አባዬ ሲሰማው፣ «እኔ እንደዚህ ነው የምጮኸው?» ብሎ ሳምንቱን በሹክሹክታ ከረመ።

በመጨረሻ የወፎቹ ጥናት መጣ። በየማለዳው በመስኮት ግማሽ ሰዓት ወፍ ልንቆጥር፣ ልክ እንደ ጥናቱ ለሠላሳ ቀን። አንቺ ከአጥሩ ወዲያ አይታይሽም፤ ስለዚህ እኔ አያለሁ፣ አንቺ ትጽፊያለሽ። «መነጽሬ፣ ተነሥ!» እያልሽ ብርድ ልብሴን ስትገፊ፣ እማዬ ከማድቤት ትጮኻለች፦

«ያን ሁሉ ዓመት የተማርሽው ወፍ ልትቆጥሪ ነው?»

«ቁጥር ነዋ የተማርኩት፣ እማዬ!»

ያቺን ቁራ ታስታውሻታለሽ? ሦስት ቀን ሙሉ የመብራቱ ሽቦ ላይ ቆጠርኳት። «ትዕግሥተኛ ቁራ ናት» አልኩሽ። በአራተኛው ቀን ነፋስ ሲነሣ ጥቁር ፌስታል ሆና ተገኘች። አፍሬ ገጹን ልቀደው ስል እጄን ያዝሽኝ። አንድ መስመር ብቻ አሰመርሽበትና ከጎኑ ጻፍሽ፦ «ቁራ ሳይሆን ፌስታል ነው። ሦስት ቀን ተሳስተናል።» የገጹንም ቅጂ ከማመልከቻሽ ጋር ላክሽ።

ሃያውን ቀን እንደቆጠርን ሆስፒታል ገባሽ። በዚያው ቀረሽ።

ደብዳቤው ከቀብርሽ በኋላ መጣ። «ለሥራው ተመርጠሻል» ይላል፤ ከዚያ ሁሉ ማመልከቻ የመጀመሪያው እሺታ።

ከትምህርት ቤት አስፈቅጄ ደብተርሽን ይዤ ሄድኩ። የወፎቹ ተመራማሪ ጭቃ የነካው ቦት ጫማ ያደረገች ትልቅ ሴት ናት። የሆነውን ስነግራት ወንበር ሳበችልኝ። ከዚያ፣ «እስቲ ቁራዋን አሳየኝ» አለችኝ። ገጹን ከፈትኩላት። ሁለታችንም እንባችን እስኪመጣ ሳቅን።

«ከሁሉም እሷን የመረጥኳት በዚህች ፌስታል ነው» አለች። «ስሕተቱን የማይደብቅ ሰው ፍለጋ ስንት ጊዜ ተንከራትቻለሁ መሰለህ?»

ሠላሳው ቀን ከሞላ፣ ጥናቱ ሲታተም ስምሽን «የምርምር ረዳት» ብላ ልታሰፍረው ቃል ገባችልኝ። አሥር ቀን ቀረን።

እውነቱን ልንገርሽ፤ እቤት ስደርስ፣ ሆስፒታል ከገባሽ ወዲህ ያልቆጠርናቸውን ቀናት በግምት ልሞላቸው እስክርቢቶ አንሥቼ ነበር። ሥራው በአንድ ቁጭታ ያልቅልሽ ነበር። ማንስ ያውቃል? ገጽ ስገልጥ ግን ፌስታሏ ፊት ለፊት መጣችብኝ። በእያንዳንዱ ቀን ላይ «አልተቆጠረም» ብዬ ጻፍኩ።

ዛሬ ማለዳ የቀረውን አሥር ቀን ብቻዬን ጀመርኩ። ማንም ሳይቀሰቅሰኝ ተነሥቼ መስኮቱን ከፈትኩ። ወንበርሽን አልነካሁትም። ስጽፍ ወፉ ያመልጠኛል፣ ወፉን ሳይ መስመሩ ይጠፋኛል። እማዬ ከማድቤት መጣች። ልትቆጣኝ ነው ብዬ ስጠብቅ ወንበርሽ ላይ ተቀመጠችና እስክርቢቶውን ከእጄ ወሰደች።

«በል፣ ንገረኝ።»

«አሥራ አራት ድንቢጥ፣ ሁለት እርግብ።»

ጻፈች። «ቁራስ?»

«አንዲት አለች። ግን ቆይ እማዬ፣ እስክትንቀሳቀስ እንጠብቃት።»

መነጽርሽ