ዓይኑን ሰበር ስለሚያደርገው ልጄ

ለተከበሩ የአየር ማረፊያዎች የጥበቃ ክፍል ኃላፊ፦

ጤናዎ እንደምን ሰንብቷል? እንቅልፍዎስ? እኛን ሲጠብቁ ዓይንዎ እንዳይደክም፣ ወገብዎም እንዳይጎብጥ ከልብ እየተመኘሁ እጅ እነሣለሁ። እኔ ባሌ የሞተብኝ፣ ማንበብም ስኳር ከሚጠቀለልበት ጋዜጣ ላይ የለመድሁ ሴት ነኝና አጻጻፌ ቢንዛዛ ይቅርታዎ አይለየኝ።

ባለፈው ሳምንት በሬዲዮ ቀርበው፣ መንገደኛን እየለዩ መፈተሽ አድልዎ ነው ለሚሉት ሲመልሱ ሰምቻለሁ። ሠራተኞችዎ ሰውን የሚለዩት በመልኩ ሳይሆን በሁኔታው እንደሆነ፣ ፈታሹን ቀና ብሎ ማየት ያቃተው ሰውም የሚደብቀው ነገር እንዳለው ሲያስረዱ የድስቱ ክዳን ከእጄ ወደቀ። ልጄን በየጉዞው ከሰልፍ የምታወጡበት ምክንያት ያን ጊዜ ገባኝ። ስለ ማብራሪያዎ እያመሰገንሁ ቅሬታዎቼን በቁጥር አስቀምጣለሁ፤ ሐሳቤ አንድ ቦታ አልረጋ ብሎኝ እንጂ ቁጥር ወድጄ አይደለም።

1. ልጄ ሹም ፊት ዓይኑን ሰበር የሚያደርገው እኔ ስላስተማርሁት ነው፤ ያውም በቁንጥጫ። የጨዋ ልጅ በትልቅ ሰው ላይ አያፈጥም እያልሁ አሳደግሁት። ዛሬ ጢሙን አውጥቶ፣ ለሰው ጥርስ የሚሠራ ባለሙያ ሆኖም፣ መለዮ ያደረገ ሰው ሲያይ መሬት መሬት ያያል። ጨዋነት እናንተ ዘንድ እንደሚያስጠረጥር አስቀድሞ የነገረኝ ቢኖር ጣቶቼን ባሳረፍሁ ነበር።

2. ባለፈው ዓመት የታመመች እኅቱን ልንጠይቅ አብረን ስንሄድ፣ እሱን መስኮት ወደሌላት ክፍል አስገብታችሁ የጫማውን ሶል ስታላቅቁ፣ እኔን ግን አንዲት ትሑት ሠራተኛዎ «እማማ፣ እርስዎ ይለፉ፣ ምን ያጉላላዎታል» ብላ ክንዴን ደግፋ፣ ቦርሳዬንም በማሽኑ ሳታሳልፍ ራሷ ተሸክማ አሻገረችኝ። አየር ላይ መሐረብ ስፈልግ ትልቁ የልብስ መቀሴ እጄ ላይ መጣ። ጥቁር የለበሰች መበለት መቀስ አትይዝም የሚል መመሪያ ካለ ቢላክልኝ ደስ ይለኛል። እኔም እንደ ማንም ሰው ፈንጂ እፈራለሁ። የሚያስፈራኝ ግን፣ እናንተ ላም ባልዋለበት ኩበት ስትለቅሙ ላሟ በሌላ በር መግባቷ ነው።

3. ይህኛው ቅሬታ ሳይሆን አድናቆት ነው። አባቱ የሞተ ዕለት ልጄ ከሚሠራበት ከተማ ሊመጣ ሲል ያዛችሁት፤ አውሮፕላኑም ትቶት ሄደ። ለቀስተኞች «እንቆየው ወይ?» ሲሉኝ «አይሆንም፣ ይቀበር» ያልሁት እኔ ነኝ። ያለ ነገር አይይዙትም ብዬ በገዛ ልጄ ላይ ተጠራጥሬ ነበር። በማግስቱ ምንም አላገኘንበትም ብላችሁ ለቀቃችሁት፤ የደረሰው የአባቱ አፈር ላይ ነው። መጠራጠሬን እስከ ዛሬ አልነገርሁትም፤ ደብዳቤውን የማደርስልዎ በእሱው እጅ ነውና ይኸው አሁን ከእርስዎ ጋር አብሮ ያነበዋል። የእናትን ልብ እንኳ ማሳመን የቻለ መሥሪያ ቤት እንዴት አይደነቅ!

4. ልጄ የፊታችን ሐሙስ ይሄዳል። እኅቱ ዓርብ ጠዋት ቀዶ ሕክምና ይደረግላታል፤ ከእሱ በቀር አጠገቧ የሚቆም የላትም። እኔን ጉልበቴ ከደረጃ አላወርድ ብሎኝ ከመስኮት ወደ በር፣ ከበር ወደ መስኮት እላለሁ። ሐኪሞች እንደ ለቀስተኛ «እንቆየው ወይ?» ብለው አይጠይቁም። ስለዚህ ፈትሹት፤ ጫማውንም ጢሙንም ፈትሹት፤ ግን ከፊቱ ያለውንም ከኋላው ያለውንም እኩል ፈትሹ፣ ሰዓቱም ሳያልፍ ልቀቁት። ሌላ ልመና የለኝም።

ንቃትዎ ሳይቀንስ፣ ጥርጣሬዎም አድራሻውን ሳይስት ረጅም ዘመን እንዲያገለግሉን እየተመኘሁ፣ ከዝቅታ ሁሉ ዝቅ ብዬ እሰናበትዎታለሁ።

የጥርስ ሠሪው እናት

ማስታወሻ፦ ለሐሙስ ላለማምደው ብዬ ትናንት የአባቱን ኮፍያ ደፍቼ እንደ ፈታሽ ፊቱ ተቀመጥሁና «ቀና በል፣ እየኝ» አልሁት። «ኧረ እማ፣ አንቺ ደግሞ!» ብሎ ሳቀ። ከዚያ ቀና አለና ዓይን ለዓይን አየኝ። ዓይኔን የሰበርሁት እኔ ነኝ። በመመሪያችሁ መሠረት የሚደበቅ ነገር ያለባት እኔ ስለሆንሁ፣ ሐሙስ ያቺ ክፍል ባዶዋን እንዳትውል ካሰባችሁ መኪና ላኩልኝና ወስዳችሁ አስቀምጡኝ፤ እሱን ግን አሳልፉልኝ።