የአዳራሹ ማሞቂያ

ጥር 4
ኃላፊያችን ዛሬም በጤና ጣቢያው በር ላይ ያለውን ሰሌዳ በጠመኔ አደሰ፦ «ያለ ሕፃን ሞት 612 ቀን»። እኔ አዋላጇ ሳልሆን ጠመኔው ነው የሚያዋልደው። ሰኞ ከበላይ መሥሪያ ቤት እንግዶች ይመጣሉ። ሽልማት አለ አሉ...

ጥር 9
ቀኑን ሙሉ ቀለም ቅብ። ሽታው እንዲወጣ የማዋለጃ ክፍሉ መስኮት ተከፍቶ ዋለ። ነገ አዳራሹ እንግዶቹን እንዳይበርዳቸው ኃላፊው አስቦ፣ «እህቴ፣ ማሞቂያሽን ለአንድ ቀን ብቻ» አለኝ። ያለን እሱ ብቻ ነው። ነገ የምትወልድ የለችም ብዬ ራሴ ተሸክሜ ወሰድኩት። ሶኬት ላይም ሰካሁት። ታዛዥ ሠራተኛ... ይሸልሙኝ ይሆን?

ጥር 10
ጠዋት የአናጺውን ሚስት በቃሬዛ አመጧት። የሦስት ሰዓት መንገድ። ገና ስምንት ወሯ ነው። ለምን አልደወላችሁም? አልኩ።
«ደወልን እኮ ልጄ» አሉ አማቷ። «አምቡላንሱ እንግዳ ሊያመጣ ሄዷል አሉን።»
ወንድ ነው። ትንሽዬ። አለቀሰ። ወዲያው እናትየው ደም ይፈሳት ጀመር። ያለኝ ሁለት እጅ ነው... ልጁን በፎጣ ጠቅልዬ ለአያቱ ሰጠሁ። ክፍሉ አዲስ ቀለም ይሸታል፣ ያምራል፣ ይበርዳል። ጽዳት ሠራተኛዋን ማሞቂያውን አምጪ ብዬ ላክኋት። ንግግር ላይ ናቸው ብለው ከበር መለሷት። ንግግሩ ስለ ምን ነበር? ስለ ጨቅላ ሕፃናት ጤና።
እናትየው ተረፈች። ልጁ ሁለት ሰዓት ቆየ።

ጥር 11
ኃላፊው በሩን ዘግቶ ለመነኝ። ሽልማቱ የሁላችንም ነው፣ ልጁ እንደሆነ አይመለስም፣ «ሞቶ የተወለደ» ብትዪው ማንን ይጎዳል? ሞቶ የተወለደ ሰሌዳው ላይ አይቆጠርም።
ጻፍኩ። ጽሑፌ እንደ ወትሮው ያምራል። ያስፈራኝ ማማሩ ነው።

ጥር 14
622። ዋንጫውም ደረሰ። ቆንጆ ነው፣ ውስጡ ባዶ።

ጥር 19
የአናጺው ሚስት ለምርመራ መጣች። ካርዷ ላይ «ሞቶ የተወለደ» የሚለውን ባሏ አንብቦላታል። አልጮኸችም።
«እህቴ፣ ሲያለቅስ ሰምቼዋለሁ። ያለቀሰው የማን ልጅ ነው?»
ቀጠለች። «ሌላ ባረግዝ እዚህ ልምጣ ወይስ ቤቴ ልቅር?»
የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም ይላሉ። የብዕሩስ በምን ይታሻል? አፈርኩ። እዚያው ፊት ለፊቷ አፈርኩ።

ጥር 20
መዝገቡን አወጣሁ። በሕይወት ተወለደ፣ ሁለት ሰዓት ኖረ። «ምክንያት» የምትለው ሳጥን ጠባብ ናት፣ እስከ ጠርዙ ሞላኋት፦ ቅዝቃዜ። አምቡላንስ አልነበረም። ማሞቂያው አዳራሽ ነበር። የወሰደችው አዋላጇ ናት። ፈረምኩ።
ኃላፊው አንብቦ፣ «ራስሽንም አብረሽ ገደልሽ» አለኝ። ማሞቂያውን ልወስድ ገባሁ። አሁንም አዳራሹ ውስጥ ነው፣ ባዶ ወንበር ያሞቃል። ለአንድ ቀን ብቻ ነበር አይደል?

የካቲት 2
የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ ደረሰኝ። በሰሌዳው ላይ «22 ቀን» ይላል፣ ዛሬ የጻፍኩት እኔ ነኝ።
ከሰዓት በኋላ አናጺው ሳይጠራ መጣ። ሚስቱ ናት የላከችው። ማሞቂያውን ከማዋለጃ ክፍሉ ግድግዳ ጋር በአራት ብሎን አሰረው። ነቅነቅ አድርጎ ሞከረው።
«ከእንግዲህ የሚወስደው ግድግዳውንም ይዞ ይሂድ» አለኝ። ከዚያ ከቀለም ቅቡ ወዲህ አልገጥም ያለውን መስኮት አስተካክሎ ዘጋልኝ።