ልጄ ለየባለቤቱ ስለመለሰቻቸው ደብዳቤዎች

ለተከበሩ የጸጥታ መምሪያ ኃላፊ፣

እንደምን ሰንብተዋል? ጤናዎ እንዴት ነው? እንቅልፍስ ይወስድዎታል? እኔ የሆስፒታል ልብስ አጣቢ ነኝ። ትምህርቴ ከስድስተኛ ክፍል ስለማያልፍ ይህችን ደብዳቤ ለመጻፍ አሥራ አንድ ቀን ፈጅቶብኛል። እርስዎ ልጄን ለመጨረስ አራት ቀን በቃዎት። ለቅልጥፍናዎ ምስጋናዬ ይድረስዎ።

ሥራ ስለሚበዛብዎ ረስተዋት እንደሆነ ላስታውስዎ። ልጄ በፖስታ ቤት ደብዳቤ በየአድራሻው የምትለይ ሠራተኛ ነበረች። ወደ ጦር ሜዳ ተልከው «ተቀባዩ የለም» የሚል ማኅተም ተመትቶባቸው የተመለሱ ደብዳቤዎች በምድር ቤቱ በጆንያ ተከማችተው ነበር። ዘመዶቻቸው ሳያዩዋቸው እንዲቃጠሉ እርስዎ በፊርማዎ አዘዙ። ልጄ ጆንያውን ስትጎትት የእኔን የተንጋደደ ጽሕፈት አየች። ለወንድሟ የላክኋቸው ሰባት ደብዳቤዎች ናቸው፤ አንዱም አልተከፈተም። ከሥራ ስትመለስ፣ ከቦርሳዋ ከማውጣቷ በፊት «እማዬ፣ መጀመሪያ ቁጭ በይ» አለችኝ። ቁጭ አልኩ። ከዚያ ወዲህ በደንብ ተነስቻለሁ አልልም።

እሷና ሦስት ጓደኞቿ፣ አንድ ብስክሌት ጠጋኝና ሁለት የነርስ ተማሪዎች፣ በየምሳ ሰዓቱ እየዞሩ ደብዳቤዎቹን ለጻፏቸው እናቶች በበር ሥር አሾለኩ። ድንጋይ አልወረወሩም። ከራሳቸው አንዲት ፊደል አልጨመሩም። በሚቀጥለው የምልመላ ቀን ሁለት መቶ የምንሆን እናቶች ፖስታችንን ይዘን በምልመላ ጣቢያው በር ላይ ዝም ብለን ቆምን። እርስዎ ይህንን ዝምታ ዐመፅ ብለው ሰየሙልን፤ ልጄንም አሰሩብኝ።

መሥሪያ ቤትዎ ከሟቾች ቁጥር በቀር ቁጥር እንደሚወድ ስለሰማሁ ቅሬታዬን በቁጥር አቀርባለሁ።

1. መርማሪዎ በልጄ ላይ ማስረጃ ብለው ያወጡት የእኔን ደብዳቤ ነው። «ጣሪያው ያፈሳል፤ ስትመጣ ታበጀዋለህ» የሚለውን በቀይ አስምረው፣ ጣሪያው ማን እንደሆነ ጠየቁኝ። ጣሪያው ቆርቆሮ ነው፣ ጌታዬ።

2. እኒሁ መርማሪ «እማማ፣ ልጅዎ የሕዝቡን ወኔ ገደለች» አሉኝ። ወንድሟን ማን እንደገደለው ስጠይቃቸው ሰዓታቸውን አዩ።

3. ልጄ በልብ ሕመም ሞተች ተባልኩ። የሃያ ሁለት ዓመት ልጅ ናት፤ ጆንያ ተሸክማ ደረጃ ስትወጣ ትዘፍን ነበር። ሸሚዟን አጥባችሁ፣ ተኩሳችሁ፣ አጣጥፋችሁ መለሳችሁልኝ። ስለ ትሕትናችሁ እግዜር ይስጥልኝ። ግን ሃያ ዓመት የበሽተኛ ልብስ ያጠብኩ ሴት ነኝና ለሠራተኞችዎ አንድ ሙያ ላካፍል፦ ደም በሙቅ ውሃ አይታጠብም፤ ጨርቁ ላይ ይቀራል። ለሚቀጥለው ልጅ ቀዝቃዛ ውሃ ይጠቀሙ።

4. ይህንን ለመጻፍ ብቻ ሦስት ቀን ፈጅቶብኛል። አስከሬኗን ለመረከብ «በሕመም መሞቷን አምኛለሁ» ብለሽ ፈርሚ ተብያለሁ። ወንዱን ያለ መቃብር አስቀርታችሁብኛል፤ እሷን እንኳ አፈር ላልብስ ብዬ እስክሪብቶውን አንስቼ ነበር፤ አልደብቅዎትም። እጄ ግን እምቢ አለኝ። እሷ በአራት ቀን ዱላ ያልዋሸችውን እናቷ በአንድ ፊርማ ልዋሽባት? ወረቀቱን ከነባዶ መስመሩ መልሼ ሰጥቻለሁ።

ፈጣሪ ዕድሜዎን ያርዝመው፤ የሚጠየቁበት ቀን እስኪደርስ በጤና ያቆይልኝ።

ለማዕረግዎ ከሚገባው አክብሮት ሁሉ ጋር፣
የሁለቱ ልጆች እናት

ተጨማሪ ማስታወሻ፦ ለቅሶ እንዳልቀመጥ በሬ ላይ ሰው አቁመዋል፤ ጎረቤቶቼ ክብሪት ሊበደሩ እየመሰሉ አንድ በአንድ እየገቡ አልቅሰውልኛል። ከመሥሪያ ቤትዎም አንድ ሰው ክብሪት ሊበደር መጣ፤ ወንድሙ አምስት ወር ደብዳቤ አልመለሰለትም። ልጄን በየትኛው ምድር ቤት እንዳስቀመጣችኋት የነገረኝ እሱ ነው። ማን እንደሆነ ለማወቅ ጦር ሜዳ ወንድም ያላቸውን ሠራተኞችዎን በሙሉ ያሰልፏቸው፤ የሚያስራቸው ከተረፈ እንተያያለን። ሰኞ ጠዋት እናቶቹ ሁሉ ልጄን ልንወስድ እንመጣለን። እስክሪብቶ አያዘጋጁ።