የእትዬ ዳንቴል

ቅዳሜ፣ ጃንዋሪ 16፣ 1999። ኦክላንድ

ኮምፒውተሬ ዛሬም ጌም መሃል ፍሪዝ አደረገ። የ300 ሜጋኸርዙን ፕሮሰሰር ከአቅሙ በላይ በ450 ስለማስሮጠው ቮልቴጁን ትንሽ ጨመርኩለት፤ ባሰበት። ሳጥኑን ስነካው እንደ ካውያ ይፋጃል። ለካ የእትዬ አስካለ ዳንቴል የኋላውን ማቀዝቀዣ ፋን ሸፍኖታል።

እትዬ የእማዬ ታላቅ እህት ነበሩ። ባለፈው ወር እስኪያርፉ ድረስ ዳንቴል ያላለበሱት ዕቃ የለም፤ ቶስተሩ ሳይቀር ሙሽራ መስሏል። ያኔ ኮምፒውተሬን ሲያለብሱ "አየር ይፈልጋል እኮ" ስላቸው፣ "በዚህ ቀዳዳ ብርድ ይመታዋል" አሉኝ። "ታዲያ ነጭ ሽንኩርት ልስጠው?" ብላቸው በትራስ አቀመሱኝ።

ዳንቴሉን አነሳሁት። ከሰዓቱን ሙሉ ስጫወት አንዴም አልቆመብኝም። እማዬ ከሥራ ገብታ ራቁቱን ሳጥን አየችው። አልተቆጣችም። ዳንቴሉን ከአልጋዬ ላይ አንስታ አሸተተችው። ከዚያ ጫፎቹን እያስተካከለች መልሳ አለበሰችው።

"ብርድ ይመታዋል" አለች፣ ልክ እንደ እትዬ።



ስትወጣ ፕሮሰሰሩን ወደ 300 መለስኩት። ጌሙ እንደ ኤሊ ይጎተታል። ሳጥኑ ግን ዳንቴሉን ለብሶም አይግልም።