የቤት ስም የሚለው መስመር

ሞላሌ፣ ነሐሴ 20 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለልጄ እናት፣

እንደምን ከርመሻል? ጉልበትሽ በዚህ ክረምት እንዴት ያደርግሻል? ደብረ ብርሃንም ብርዱ ከእኛ እንደማይሻል አውቃለሁ። እህትሽስ ደህና ናት? እኛ ፈጣሪ ይመስገን አለን። ጉሙ ከሳምንት በፊት ወርዶ እስካሁን አልተገለጠም፤ በራፌ ላይ ቆሜ የራሴን አጥር አላይም። ገብሱ ግን ያማረ ነው ይላሉ። እኔም ጨጓራዬ አልፎ አልፎ ከሚነሳብኝ በቀር ጤና ነኝ።

ያልደወልኩት ኔትወርክ ጠፍቶ አይደለም። ብደውል እንደምጮህ፣ አንቺም እንደምትዘጊብኝ ስለማውቅ ነው። የምጽፍልሽ ስለ ልጅ ልጃችን ስም ነው። ስሟ ያንቺ ስም ስለሆነ ጉዳዩ ይመለከትሻል።

ምስክር የመጀመሪያ ልጁን ተናኘወርቅ ሲላት እኔን አላማከረኝም። በሰማንያ ቀኗ ክርስትና ስትነሳ አንቺ መጣሽ፣ እኔ ለመስክ ሥራ ቀየት ወደሚባል ገጠር ሄድኩ። ሥራው ለሌላ ቀን ሊዛወር ይችል ነበር፤ ይህን ዛሬ እወቂው። ስመለስ ስሟን ነገሩኝ። አንድ ነገር ብቻ አስጠነቀቅሁ፦ ስሙ ከተሰጠ ሙሉው ይጠራ። ቲና ምናምን ሲባል እንዳልሰማ።

ምክንያቴን ታውቂዋለሽ። ሃያ ዓመት ሙሉ የመሬት ይዞታ ስመዘግብ የኖርኩ ሰው ነኝ። ባለፈው ሰኔ እንኳ ወልደ አማኑኤል የሚባሉ ሽማግሌ ቢሮዬ መጡ። የይዞታ ደብተራቸው ላይ የተጻፈው «ወልዴ» ብቻ ነው። የወንድማቸው ልጅ «ወልዴ የሚባል ሰው አላውቅም» ብሎ ማሳው ላይ ቆሟል። «ጌታዬ፣ እናቴ ስላቆላመጠችኝ መሬቴን ልጣ?» አሉኝ። ማቆላመጥ ለእኔ ይህ ነው፤ ሰውን ከገዛ ማሳው የሚያስወጣ ነገር።

የምስክርን ሚስት ጽናትን ታውቂያታለሽ። የዘመሮ ቄስ ልጅ ናት፤ ሥርዓቷ ከእኛ ይበልጣል። ልጅቷን አንድም ቀን በስሟ ጠርታት እንደማታውቅ ያስተዋልኩት ሁለተኛ ዓመቷ ላይ ነው። «እሜቴ»፣ «ሆዴ»፣ ሲብስባት «አንቺ ልጅ»። ጠርቼ ጠየቅኋት። መሬት መሬት እያየች፣ «ጋሼ፣ የባሌን እናት ስም በባዶው እንዴት ብዬ ልጥራ? አፍንጫዋን እያናፈጥኩ፣ ቂጧን እየመታሁ “ተናኘወርቅ፣ አርፈሽ ተቀመጪ!” ብል እትዬን የተቆጣሁ እየመሰለኝ ምላሴ ይያዛል» አለችኝ። ተቆጣሁ። ስሙ የልጅሽ እንጂ የአማትሽ አይደለም አልኳት። «እሺ ጋሼ» አለች። በማግስቱ ደግሞ «እሜቴ፣ ነይ ፊትሽን ልጠብሽ»።

አሁን ወደ ጉዳዩ ልምጣ። በነሐሴ መግቢያ ጎረቤታችን አረጋሽ እንቁላል ይዛ መጣች። ልጅቷ በር ላይ ቆማ ነበር። «የኔ ቆንጆ፣ ስምሽ ማነው?» አለቻት። እኔ ቧንቧው ጋ እጄን እታጠባለሁ።

«ናኜ» አለች።

አረጋሽ ሄዳ እንኳ ውሃው እጄ ላይ ይፈስ ነበር።

ይህን ቃል ማን እንደሚያውቀው ታውቂያለሽ። ከአለማያ ዩኒቨርሲቲ የጻፍኩልሽን ደብዳቤዎች ካላቃጠልሻቸው እነሱ ላይ አለ። ሌላ የትም የለም። ምስክር ነፍስ ሲያውቅ እኛ ትተነው ነበር። ስለዚህ የጠረጠርኩት አንቺን ነው፤ አልደብቅሽም። ለፋሲካ እናንተ ጋ ሳምንት ሰንብታ ስለመጣች፣ ሆን ብለሽ እኔን ለማናደድ ያስተማርሻት መሰለኝ። ያን ዕለት ደውዬልሽ ቢሆን ኖሮ ክፉ ነገር ተናግሬሽ ነበር።

ምስክርን ያዝኩት። «እናትህ ናት?» አልኩት። «እማዬማ ሞክሼ ነው የምትላት። “ሞክሼዬ፣ ነይ እቀፊኝ” ትላታለች እንጂ ሌላ ስም ሰምቼ አላውቅም» አለኝ። ታዲያ ማነው? አልኩ። ባልና ሚስቱ ተያዩ። የዚህን ቤት ሰው አንድ በአንድ እጠይቃለሁ ብዬ ድምፄን ከፍ አደረግሁ። ጽናት ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ፣ «ጋሼ፣ አይቆጡኝና፣ እርስዎ ነዎት» አለች።

ሐሰት ነው አልኩ።

«ጠዋት ጠዋት በሱፍ ባናዎ ጠቅልለው ግቢውን ሲዞሩ “ናኜ፣ ብርዱ እንዳይነካሽ፤ ናኜ፣ እግርሽን አስገቢ” ይሏታል። ከአራስነቴ ጀምሮ ነው። እርስዎ ብቻ ሊጠሩበት የፈለጉት ስም መስሎን ዝም አልን።»

ምስክር ሳቀ። እኔ ፊት እንዲያ ሲስቅ አይቼው አላውቅም። «አባዬ፣ ቢሮህ ውስጥ ቢሆን ራስህን ትከስ ነበር» አለኝ። ተነስቼ ወጣሁ።

በማግስቱ ጠዋት ራሴን ለመጠበቅ ወሰንኩ። አቀፍኳት፣ አፌን ዘጋሁ፣ ግቢውን ሁለት ጊዜ ዞርኩ። ሦስተኛው ላይ ከባናው ውስጥ አንገቷን አውጥታ «አባባ፣ ለምን ዝም አልክ?» አለችኝ። አውርጄ አቆምኳት። ጥቂት ራቅ ብዬ «ተናኘወርቅ» ብዬ ጠራኋት። ወደ ኋላዋ ዞራ ሌላ ሰው ፈለገች።

ግራ ገብቶኛል። ማንን እንደምቆጣ አላውቅም። ስትሄጂ «እኔ እዚህ ቤት ባለጉዳይ ነኝ» ብለሽኝ ነበር። አሥራ ስድስት ዓመት ስድብ ነው ብዬ ይዤው ኖርኩ። እኔ ሙሉ ስምሽን የምጠራው በአክብሮት ነበር። ቢያንስ እንደዚያ ይመስለኝ ነበር። ናኜን ትቼ በሙሉ ስምሽ መጥራት በየትኛው ዓመት እንደጀመርኩ ፈለግሁ፤ አላገኘሁትም። የሰው ሁሉ መዝገብ እጄ ላይ ነው፣ ይህ ግን የትም አልተጻፈም።

ከዚህ ደብዳቤ ጋር የአጸደ ሕፃናት መመዝገቢያ ቅጽ አለ። ሙሉ ስም፣ የአባት ስም፣ የትውልድ ቀን፣ ክትባት፣ ሁሉንም በእጄ ሞልቼዋለሁ። ከታች «የቤት ስም (ካለ)» የሚል መስመር አለ። ጽናት ይጻፍ ትላለች፤ ካልተጻፈ መምህሯ ስትጠራት ዞራ ሰው ስትፈልግ ትውላለች ትላለች። ምስክር «አንተ እንዳልክ» ይለኛል፤ ይህን የሚለኝ ለመሸሽ ሲፈልግ ነው። ከተጻፈ አርባ ሕፃናት ይጠሩበታል። በሞላሌ ገበያ መሐል የማላውቀው ሰው ይጮህበታል። እሱን መስማት እችል እንደሆነ አላውቅም። ካልተጻፈ ደግሞ ከልጅቷ ላይ አንድ ነገር ወሰድኩ። አራት ቀን ብዕር ይዤ ቁጭ ብያለሁ።

ስለዚህ ባዶ ትቼዋለሁ። ሁለቱም ስም ያንቺ ነው። የፈለግሽውን ጻፊ፣ ወይም ሰረዝ አድርጊበት። በሰማያዊ ቀለም ይሁን፤ ስርዝ ድልዝ ያለበትን ቅጽ አይቀበሉም። ቅዳሜ የሚያደርስልሽ ምስክር ነው፤ ምዝገባው ጳጉሜን 3 ያበቃል። ወይም ከዚያ በፊት ቅጹን ራስሽ ይዘሽ ነይና ለዘመን መለወጫም እዚህ ሁኚ። ልጅቷም ትጠይቃለች፣ «ሞክሼዬ መቼ ትመጣለች?» እያለች። የመስክ ሥራ የለኝም።

ጉልበትሽን ያጽናልሽ። እህትሽን ሰላም በይልኝ። መጪውን ዓመት የጤናና የዕረፍት ያድርግልሽ፣ እኔንም የሚያስከፋሽን ከመናገር ይጠብቀኝ።

የምትመጪ ከሆነ አንድ ነገር አስቀድሜ ልንገርሽ። ጠዋት ከግቢ ሆኜ ስጠራት ከቤት ውስጥ ሁለት «አቤት» ቢመጣ፣ ምን እንደማደርግ አላውቅም።

የምስክር አባት